ጀነሪክ ቤዝ ፎርም ሠራሁ፣ ዲዛይነሩ አልከፍት አለኝ

ጀማሪው፦
ሰላም ጓዶች፣ በሲ ሻርፕ የዊንፎርምስ (የዊንዶውስ መስኮቶች መሥሪያ) ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። የደንበኛ፣ የዕቃና የደረሰኝ ፎርሞች አሉኝ፤ ሦስቱም ላይ ያው አዲስ፣ አስቀምጥ፣ ሰርዝ የሚሉ በተኖች ናቸው። ኮድ መገልበጥ ሲሰለቸኝ ቤዝፎርም<ቲ> የሚል ጀነሪክ (በቲ ቦታ የፈለግኩት የዳታ ዓይነት የሚገባበት) ፎርም ሠርቼ ሦስቱም ከሱ እንዲወርሱ አደረግኩ። ራን ሳደርገው ሰላም ነው። ደንበኛፎርምን በዲዛይነር (በተኖቹን በማውስ በምንደረድርበት መስኮት) ልክፈት ስል ግን ኤረር ብቻ! የምሠራበት ቪዥዋል ስቱዲዮ 2013 ነው። ምን አጠፋሁ?

ሌሊት ወፍ፦
ምንም አላጠፋህም። ዲዛይነሩ ፎርም ስትከፍት የሚፈጥረው ያንተን ክላስ አይደለም፣ ወላጁን (የወረሰውን ክላስ) ነው፤ ያንተን ኮድ አንብቦ በተኖቹን እዚያ ላይ ይደረድራቸዋል። ወላጁ ጀነሪክ ከሆነ የድሮው ዲዛይነር ግራ ይገባዋል። መሃል ላይ ባዶ ክላስ አስገባ፦ ደንበኛቤዝ ከቤዝፎርም<ደንበኛ> ይውረስ፣ ደንበኛፎርም ደግሞ ከደንበኛቤዝ። ባዶውን በሌላ ፋይል አድርገው፣ ምክንያቱም ዲዛይነሩ ፋይሉ ውስጥ መጀመሪያ ያገኘውን ክላስ ነው የሚያየው። ከዚያ ቢልድ አድርግ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ቀይረው)።

ሴሚኮለን፦
ወይ ደግሞ አፕዴት አድርግና ተገላገል። ከቪዥዋል ስቱዲዮ 2015 አፕዴት 1 ወዲህ ጀነሪክ ወላጅ በቀጥታ ይከፈታል።

ጀማሪው፦
ተከፈተ! ግን ፎርሙን በከፈትኩ ቁጥር "ዳታቤዝ አልተገኘም" የሚል መልእክት ብቅ ይላል። የወረስኳቸው በተኖችም የቁልፍ ምልክት አላቸው፣ ንቅንቅ አይሉም።

እናትቦርድ፦
የወላጁ ኮንስትራክተር (ፎርሙ ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) ዲዛይነሩ ውስጥም ይሠራል፣ ለዚህ ነው ዳታቤዝ የሚፈልገው። ዲዛይንሞድን (ዲዛይነር ውስጥ መሆንህን የሚነግርህን) እዚያ ብትጠይቀው ሁሌ ፎልስ ነው የሚልህ (እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ቀን አቃጥያለሁ)። ዳታ መጫኑን ወደ ኦንሎድ (ፎርሙ ሲጫን ወደሚጠራው ሜተድ) አውርደውና እዚያ ጠይቀው። በተኖቹ ሲፈጠሩ ፕራይቬት (ወራሹ የማይነካቸው) ናቸው፤ ቤዝፎርም ላይ ሞዲፋየርስ የሚለውን የበተኖቹን ፕሮፐርቲ ፕሮቴክትድ (ወራሹም እንዲነካቸው) አድርገህ እንደገና ቢልድ። ቤዝፎርምን አብስትራክት (የሚወረስ እንጂ በቀጥታ የማይፈጠር) ማድረግ ካማረህም ይቻላል፣ መሃል ያለው ክላስ ግን አብስትራክት እንዳይሆን፣ ዲዛይነሩ የሚፈጥረው እሱን ነዋ።

ጀማሪው፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለቱም ሠሩ። ደረሰኝ ስለማይሰረዝ ደረሰኝፎርም ላይ ሰርዝ የሚለውን በተን ደበቅኩት፣ ችግር አለው?

ሌሊት ወፍ፦
ለአንድ በተን ችግር የለውም። ሁለተኛውን መደበቅ ስትጀምር ግን ልጁ ወላጁን አልመሰለም ማለት ነው። ያኔ በተኖቹን አንድ ዩዘርኮንትሮል (ፎርም ላይ የሚቀመጥ የራስህ ኮንትሮል) ውስጥ ሰብስብና የሚያስፈልገው ፎርም ላይ ብቻ ጣላቸው፤ ጀነሪኩ ዳታ የሚያስቀምጠው ክላስ ላይ ይቅር። እዚያ ዲዛይነር የሚባል ነገር አይነካህም።