አስቸኳይ! ለቪቮቱ መጥበሻ ላይ እየተበተነብኝ ነው

ሙሽሪት ዘነታንያ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ለሐኑካ፣ ለአይሁዶች በዓል፣ የድንች ለቪቮት እየጠበስኩ ነው፤ ድንቹ ከእንቁላልና ከዱቄት ጋር ተለውሶ፣ ጠፍጠፍ ተደርጎ በዘይት የሚጠበሰውን። ዘይቱ ውስጥ ሳስገባው ብትንትን ይላል። ሳይበተን የቀረው ደግሞ ከውጭ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ነው። ሊጡ ግራጫ ሆኖ ውሃ ውሃ ብሏል። ዱቄት ጨመርኩበት፣ ያው ነው። የባለቤቴ እናትና አያቱ 12 ሰዓት ላይ ይመጣሉ። አያትየው ፖላንድ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ስለ ለቪቮት ለእሳቸው አይነገራቸውም። አሁን 10 ሰዓት ሊሆን ነው። ምን ይሻለኛል?

ጉልቻ፦
12 በሀበሻ ነው በእስራኤል?

ሙሽሪት ዘነታንያ፦
በሀበሻ! በናትህ አሁን ቀልድ አታምጣ።

ቀይ ሽንኩርት፦
እህቴ፣ ውሃውን ጨምቀሽዋል? ድንች እኮ ውሃ ነው። ከፈቀፈቅሽው በኋላ ንጹህ ጨርቅ ላይ አድርገሽ፣ ጫፍና ጫፉን ይዘሽ ጠምዝዢው። ክንድሽ እስኪዝል ድረስ። የወጣውን ውሃ ግን እንዳትደፊው። ሳህን ላይ 10 ደቂቃ አስቀምጪውና ውሃውን ቀስ ብለሽ አጥልዪ። ከሥሩ ነጭ፣ ጭቅቅ ያለ ነገር ሳህኑ ላይ ተለጥፎ ታገኛለሽ። ስታርቹ ማለት እሱ ነው። ፍቀሽ ወደ ድንቹ መልሺው። ለቪቮቱን አንድ ላይ የሚይዘው ከዱቄቱ ይልቅ እሱ ነው።

የአምቦበር ልጅ፦
እኔን የሚገርመኝ ጭንቀትሽ ነው። ሐኑካ ወላጆቻችን ጎንደር እያሉ የማያውቁት በዓል ነው። እኛ ቤተ እስራኤላውያን የራሳችን በዓል፣ ሲግድ አለን። ለአያትየው ዳቦና ዶሮ ወጥ አቅርቢላቸውና ጣታቸውን ይልሳሉ። ለቪቮት ካማራቸው ልጃቸው ትጥበስላቸው።

ሙሽሪት ዘነታንያ፦
ዶሮ ወጡማ ደርሷል። ሲግድ ላይ መጥተው ዳቦውን በልተው፣ «በሐኑካ ደግሞ ለቪቮቱ ያንቺ ነው» ብለውኝ ሄደዋል። እሺ ብያለሁ። አልችልም ልበላቸው?

መምህር ነኝ፦
እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

ጉልቻ፦
እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው፣ መምህር።

መምህር ነኝ፦
አጠር አደርገዋለሁ። ሐኑካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 ዓመት፣ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ከሶርያው ንጉሥ ከአንቲዮኮስ አራተኛ ሰዎች እጅ ወጥቶ እንደገና የተቀደሰበት መታሰቢያ ነው። ለአንድ ቀን ብቻ የሚበቃ ዘይት 8 ቀን በራ ይባላል። በዘይት የተጠበሰ የሚበላው ለዚያ ነው። ድንቹ ግን የኋላ መጤ ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ማዕድ ላይ የነገሠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የድሃ ምግብ ስለሆነ። ቀደም ሲል ከአይብ የሚጠበስም ነበር። የወይራ ዘይትም በዚያ ብርድ አገር እንደ ልብ አይገኝም፤ በዝይ ስብ ይጠብሱት ነበር። ወደ ኢትዮጵያም ድንችን ያመጣው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የእፅዋት ተመራማሪ ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1858። ስለዚህ ወንድሜ የአምቦበር ልጅ፣ በድንች ላይ «የእነሱ ነው፣ የእኛ አይደለም» መባባሉ ብዙ አያስኬድም።

የአምቦበር ልጅ፦
እኔ ስለ በዓሉ እንጂ ስለ ድንቹ መቼ አወራሁ?

ፍሬሕይወት፦
መምህር፣ ይሄ ታሪክ መቃብያን ላይ ያለው አይደል?

መምህር ነኝ፦
በግሪኩ መቃብያን ላይ አለ። በእኛ በግእዙ መጽሐፍ ቅዱስ ያሉት ሦስቱ መቃብያን ግን ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ታሪኩ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ይምታታበታል። እሱን በሌላ ቀን።

ሻይ በቅርንፉድ፦
ውሃውን ጭመቂው የኔ እህት። ዋናው መጭመቁ ነው።

ጉልቻ፦
ተብሏል።

ሻይ በቅርንፉድ፦
ይደገም! ባትጨምቀው አይደል እንዲህ የሆነው።

ድስት ጣጇ፦
ቆይ፣ ቆይ። ሁላችሁም ጭመቂ ትላላችሁ፤ በምን እንደፈጨችው የጠየቃት የለም። ሙሽሪት፣ በመፈቅፈቂያ ነው ወይስ በሌላ? እንቁላልስ ገብቶበታል?

ሙሽሪት ዘነታንያ፦
በብሌንደር ነዋ። እንዲዞርልኝ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጌበታለሁ። እንቁላሉም፣ ዱቄቱም፣ ጨውም ገብቷል። ምን አለበት? ያው ድንች መፍጨት አይደል?

ጉልቻ፦
የድንች ጁስ ነው እንግዲህ። በስትሮ አቅርቢላቸው።

ድስት ጣጇ፦
አንተ ዝም በል። ሙሽሪት፣ በዚህ ሊጥ ለቪቮት አትጥበሺ። አትጭመቂውም፤ እንቁላሉ አብሮ ይወጣል። ዱቄት እየደፋሽበት ብትሄጂም የሚወጣልሽ ቂጣ ነው። ግን አይደፋም፣ ኩገል ይሆናል። ኩገል በኦቨን የሚጋገር የድንች ምግብ ነው። አያትየው የፖላንድ ሰው ከሆኑ በደንብ ያውቁታል።

ኦቨኑን 200 ዲግሪ ላይ አብሪ። መጋገሪያው ውስጥ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አድርገሽ ባዶውን አስገቢውና ይጋል። ሊጡ በጣም ከቀጠነ ሁለት ማንኪያ ኮርንፍሎር ጨምሪ። ቁንዶ በርበሬም አትርሺ። የጋለው ዘይት ላይ ገልብጪው፤ ሲያርፍ ጭስስስ ማለት አለበት። አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፣ ላዩ ቡናማ እስኪሆን። ግራጫነቱ አያስደንግጥሽ። ድንቹን አየር ሲያገኘው ነው፤ አልተበላሸም።

እሱ ኦቨን ውስጥ እያለ አዲስ ለቪቮት ትደርሺበታለሽ። ስንት ድንች ቀርቶሻል?

ሙሽሪት ዘነታንያ፦
አንድ ኪሎ ይሆናል። ቀዩ ነው።

ድስት ጣጇ፦
ይበቃል። የካሮት መፈቅፈቂያውን አውጪ፣ በትልቁ ቀዳዳ በኩል። ድንቹንና አንድ ትልቅ ሽንኩርት እያቀያየርሽ ፈቅፍቂ፤ ሽንኩርቱ ድንቹ ቶሎ እንዳይጠቁር ያግዘዋል። ከዚያ እህታችን «ቀይ ሽንኩርት» እንዳለችሽ ጨምቂው፣ ስታርቹንም መልሺ። ሁለት እንቁላል፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ልትጠብሺ ስትይ። ቀድመሽ ከጨመርሽው እንደገና ውሃ ያወጣል።

ከውጭ የጠቆረብሽ ሁለት ነገር ነው። ዘይቱ ከመጠን በላይ ግሏል፣ አንቺም አወፍረሽዋል። የእንጨት ማንኪያ እጀታ ዘይቱ ውስጥ ንከሪ። ዙሪያውን ደቃቅ አረፋ ካወጣ ደርሷል፤ ከጨሰ አልፏል። አንድ ማንኪያ ሊጥ አስቀምጪና በጀርባው ጠፍጠፍ አድርጊው፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ይሳሳ። ቶሎ ቶሎ አትነካኪው። ጠርዙ ቡናማ ሲሆን አንዴ ገልብጪ፣ በቃ። መጥበሻውን አታጨናንቂው፤ ዘይቱ ይበርድና ለቪቮቱ ዘይት ይጠጣል።

የማርዬ እናት፦
በንጥር ቅቤ ጥበሺው ልጄ፣ ሽታው ከበር ይቀበላቸዋል።

የአምቦበር ልጅ፦
ዶሮ ወጥ አለ ብላለች እኮ እማማ! ኮሸር፣ ማለትም የአይሁድን የምግብ ሕግ፣ የሚጠብቁ ሰዎች ከሆኑ ቅቤ የነካው ነገር ከሥጋ ጋር አይቀርብም። ሻሜኔትም (ኮምጣጣው ክሬም) ፍሪጅ ይደር። ፖም ልጠሽ ከጥቂት ውሃና ከቀረፋ ጋር ቀቅይና ፍጪው፤ በለቪቮት የሚበላ ነው።

ጉልቻ፦
በዓሉን አላውቀውም ያልከው አንተ አይደለህም?

የአምቦበር ልጅ፦
አባቶቻችን አያውቁትም ነው ያልኩት። እኔማ ሚስቴ ከዩክሬኗ ኦዴሳ ናት።

ሙሽሪት ዘነታንያ፦
ኩገሉ ገባ። ዘይቱ ግን ቤቱን በጭስ ሞላው። ልሂድ።

ቀይ ሽንኩርት፦
ከጨሰ እሳቱን አጥፊና ይቀዝቅዝ። እሳት ከያዘው ደግሞ ውሃ እንዳታደርጊበት፣ ክዳን ድፊበት። መጥበሻውን ይዘሽ እንዳትሮጪ።

ሻይ በቅርንፉድ፦
ጨመቀችው ግን?

የሜሪላንዷ፦
እኔም ከዚሁ ልጠይቅ። ልጅ የምጠብቅላቸው ቤተሰብ ላትኬ፣ ያው ለቪቮቱን፣ ይሠራሉ፣ በየዓመቱ ቅመሺ ይሉኛል። እኔ ደግሞ ያኔ የነቢያት ጾም ላይ ነኝ። ያለ እንቁላል ይሆናል?

ድስት ጣጇ፦
ይሆናል። ለአንድ እንቁላል አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጪና እስኪዝለገለግ 10 ደቂቃ ተዪው። ስታርቹን ግን የግድ መልሺ፤ እንቁላል በሌለበት ሥራው በእሱ ላይ ነው። ተልባው ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይተዋል፣ ጣዕሙን አይነካም። አነስ አነስ አድርገሽ ጥበሺ፤ ትልቁ ሲገለበጥ ይሰበራል።

ፍሬሕይወት፦
ሙሽሪት፣ አያትየው ምን አሉ?

ጉልቻ፦
ጠፍታለች። ኩገሉን እየበሉ ነው።

ድስት ጣጇ፦
ከተረፋት ለነገ ይሆናል። ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን እንዳታስገባው፣ ይልመሰመሳል። ኦቨን 200 ዲግሪ ላይ፣ ሳይደራረብ፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ።