ሚዲያ ኩዌሪ በየፋይሉ ተበታትኖብኛል፣ ሳስ ይፈታዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ሱቅ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ስታይሉ በስክሪኑ ስፋት እንዲቀየር በሚያደርገው ሚዲያ ኩዌሪ ውስጥ 768 ፒክስል የሚለውን ቁጥር 14 ቦታ ጽፌዋለሁ። ትናንት ደንበኛው ታብሌት ላይ ሜኑው ተጣበበ ሲለኝ ወደ 800 ልቀይረው ብዬ ሁለት ቦታ ረሳሁና ገጹ ተዘበራረቀ። የሲኤስኤስ (የድረ ገጽ መልክ መጻፊያ ቋንቋ) ቫሪያብል፣ ማለትም ቁጥሩን የሚይዝ ስም፣ ሞከርኩ፣ እሱም አልሠራም። ምን ይሻለኛል?

መልስ 1፦ አይዞህ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሰናከላል። የሲኤስኤስ ቫሪያብል በሚዲያ ኩዌሪ ቅንፍ ውስጥ አይሠራም። የሳስ (ወደ ሲኤስኤስ የሚቀየር የስታይል መጻፊያ ቋንቋ) ቫሪያብል ግን ብሮውዘሩ ጋ ሳይደርስ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ወደ ሲኤስኤስ ሲቀየር፣ ወደ ቁጥር ስለሚቀየር ችግር የለበትም። ቁጥሩን አንድ ፋይል ላይ አስቀምጥ፣ «ታብሌት» የሚል ሚክሲን (በስሙ ደጋግመህ የምትጠራው የስታይል ቁራጭ) ሥራ፣ ከዚያ እዚያው የሜኑው ስታይል ውስጥ በኢንክሉድ ትእዛዝ ጥራው። የሞባይሉና የታብሌቱ ስታይል ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ ፋይል ለፋይል መዞር ይቀርልሃል።

መልስ 2፦ ልክ ነው፣ ግን እባክህ ኔስቲንግ (አንዱን ስታይል በሌላው ውስጥ መክተት) አታብዛ። ከሦስት ደረጃ ካለፈ ሴሌክተሩ (ስታይሉ የትኛው የገጹ ክፍል ላይ እንደሚያርፍ የሚጠቁመው) ይረዝምና በኋላ ስታይሉን ለመሻር ትቸገራለህ። ሌላ ፋይል የሚያስገባውን የኢምፖርት ትእዛዝንም ተወው፣ ከሳስ እየወጣ ነው። በምትኩ በዩዝ ጀምር።

ጠያቂው፦ ሠራ! ቁጥሩን አንድ ቦታ ብቻ ወደ 800 ቀየርኩ፣ ሜኑው ተስተካከለ። ተባረኩ።