የ1966 ቮልስዋገን ቢትል ማሞቂያ፦ ሙቀቱ ወደ ፊት መስታወት ሳይደርስ የት ይቀራል?

ባለ ቮልስ (ጠያቂ)

እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራች ቮልስዋገን ቢትል አለችኝ። ሞተሯ ታድሶ በደንብ ይሠራል፤ ማሞቂያዋ ግን ከስም በቀር የለም ማለት ይቻላል። ከእጅ ፍሬኑ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ማንሻዎች እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ስስባቸው በእግሬ ሥር ለብ ያለ አየር ይሰማኛል፤ ወደ ፊት መስታወቱ የሚወጣው ግን ወረቀት እንኳ የማያነቃንቅ በመሆኑ፣ በብርድ ጠዋት መስታወቱ ከውጭ አመዳይ፣ ከውስጥ ላብ ይይዝና በየጊዜው በጨርቅ ካልወለወልሁት መንዳት አልችልም።

ሁለቱን የሙቀት መለዋወጫ ሳጥኖች በአዲስ ለመቀየር አስቤ ነበር። ይሁንና ዋጋቸው ቀላል ስላልሆነ፣ ከመግዛቴ በፊት ጉድለቱ በእርግጥ በእነርሱ ላይ መሆኑን የማረጋግጥበት መንገድ ካለ እንድትነግሩኝ እጠይቃለሁ። በአየር መንገዱ ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፋን ቢጨመርበትስ ይረዳ ይሆን? ማሞቂያውን ስከፍት አልፎ አልፎ ሽታ ይመጣል፤ የዘይት ይሁን የጭስ ግን መለየት አልቻልሁም።

አሮጌ ብረት

በመጨረሻ የጠቀሱት ሽታ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ፣ እርሱ ሳይጣራ ማሞቂያውን ባይከፍቱት ይሻላል። በዚህ መኪና ጋቢናውን የሚያሞቀው ውኃ አይደለም። ፋኑ ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ከሚነፍሰው አየር ከፊሉ በሁለት ቱቦዎች ወደ ታች ይወርድና፣ ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ክዳን) የሚወጣውን ትኩስ የጭስ ቧንቧ በከበቡት ሳጥኖች ውስጥ አልፎ፣ በዚያው ሞቆ ወደ ጋቢና ይገባል። ስለዚህ እርስዎ በሚተነፍሱት አየርና በሞተሩ ጭስ መካከል ያለው አንድ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። ያ ግድግዳ ከተሰነጠቀ ወይም ዝገት ከበሳው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገባል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የሚሸተው አብሮት ያለው ሌላው የጭሱ ክፍል ነው፤ በመሆኑም ሽታው አልፎ አልፎ መጥፋቱ አየሩ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። በጉዞ ላይ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማዎት መስኮቱን ከፍተው ወዲያው ቆመው ይውረዱ።

ከ1963 ሞዴል በፊት በነበሩት ቢትሎች ወደ ጋቢና የሚገባው አየር አስቀድሞ ሲሊንደሮቹን ያቀዘቀዘው ራሱ ስለነበር፣ ትንሽ የዘይት ሽታ እንደ ተለመደ ነገር ይታይ ነበር። የእርስዎ መኪና ግን ንጹሕ አየር በተለየ ቱቦ የሚወስድ ስለሆነ የዘይት ሽታም ሊኖረው አይገባም። ካለ፣ ፋኑ አየር የሚስበው ከሞተሩ ክፍል በመሆኑ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚተን ዘይት ወይም ቤንዚን መኖሩን ያሳያል፤ ቤንዚን ከሆነ ደግሞ ማሞቂያውን ትተው አስቀድመው የእርሱን ቱቦዎች ይመልከቱ።

ሳጥኖቹን ለመፈተሽ ማውረድ ያስፈልጋል። በውስጠኛው ቧንቧ ዙሪያ፣ ማለትም ንጹሕ አየር ብቻ ሊያልፍበት በሚገባው ክፍል ውስጥ፣ ጥላሸት ካዩ ፍርዱ ተሰጥቷል። ካላዩ የጭስ ቧንቧውን አንድ ጫፍ ደፍነው በሌላው ጫፍ አየር ይንፉበት፤ በማሞቂያው አፍ በኩል አየር የሚወጣ ከሆነ ቧንቧው ተበስቷል። እንዲህ ያለውን ሳጥን በየጎኑ በብየዳ መለጠፍን ፈጽሞ አልደግፍም፤ አንድ ቦታ የበሳው ዝገት አጠገቡ ያለውንም ብረት አቅጥኖታልና። ቧንቧው ደኅና ከሆነ በቴስታታው በኩል ያሉትን ጋስኬቶችና ከማርሚታው ጋር የሚገናኝባቸውን ማሰሪያዎች በአዲስ ይተኩ። የዚያ ዘመን ጋስኬቶች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል አሮጌውን በደረቁ አይፈቅፍቁ፤ አርጥበው ያንሱት።

መቀየር ግድ ከሆነ አዲስ መሆኑን ብቻ አይተው አይግዙ። ከፋብሪካ የወጡት ሳጥኖች በውስጣቸው በቧንቧው ዙሪያ ሙቀቱን ወደ አየሩ የሚያስተላልፉ ክንፎች አሏቸው፤ በርካሽ ከሚሸጡት ቅጂዎች አንዳንዶቹ ክንፋቸው ጥቂት ነው ወይም ጭራሹን የላቸውም። ጤነኛ የሆነ አሮጌ ሳጥን ከእነዚህ ይልቅ ያሞቃል።

ቦክሰር

በደኅንነቱ ጉዳይ የምጨምረው የለኝም። ነገር ግን ከጽሑፍዎ አንድ ነገር ዓይኔን ሳበው፦ ሁለቱንም ማንሻዎች ወደ ላይ እንደሚስቡ ገልጸዋል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሙቀቱን የሚከፍተው የቀኙ ማንሻ ነው፤ የግራው የሚከፍተው ከኋላ ወንበር ሥር ያሉትን መውጫዎች ነው። ሁለቱን ባንድነት ሲስቡ ከሞቀው አየር ብዙው ወደ ፊት ሳይደርስ ከኋላ ይወጣል። መስታወቱ እስኪጠራ ድረስ የግራውን ዝቅ አድርገው ይተዉት፤ በፊት ተሳፋሪዎች እግር አጠገብ ያሉትንም መውጫዎች በመዝጊያቸው ይዝጉ፤ አየሩ ያን ጊዜ ወደ መስታወቱ ከመውጣት ሌላ አማራጭ አይኖረውም።

ከዚህ በኋላም ካልተሻሻለ የአየሩን መንገድ ከሞተሩ ጀምረው ይከተሉት። ከፋኑ መከለያ ወደ ሳጥኖቹ የሚወርዱት ሁለት ቱቦዎች ተቀድደው ወይም ወልቀው ማግኘት የተለመደ ነው፤ ሞተር ታድሶ ሲመለስም ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነርሱ ናቸው። ይህ ማሞቂያውን ብቻ አይጎዳም፤ ለሲሊንደሮቹ የታሰበው አየርም በዚያው ይባክናል። ቀጥሎ ሳጥኖቹን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኙትን ቱቦዎች፣ ከዚያም በሁለቱ በሮች ሥር የሚያልፉትን ቦዮች ይመልከቱ። እነዚህ ቦዮች አየር ማስተላለፊያ ብቻ አይደሉም፤ የመኪናው አካል ጥንካሬ በእነርሱ ላይ ነው። ስለዚህ ዝገት ከበላቸው ጉዳዩ ከማሞቂያ ጥገና ወጥቶ የአካል ብየዳ ይሆናል፤ በሮቹ ሳይጣመሙ የሚሠራውም አካሉ አስቀድሞ በድጋፍ ከተያዘ ብቻ ነው። በመጨረሻም ከቦዩ ወደ መስታወቱ የሚወጡት ቀጫጭን ቱቦዎች ከዳሽቦርዱ ሥር ወልቀው እንደሆነ በእጅ እየዳሰሱ ያረጋግጡ።

የኤሌክትሪክ ፋን ስለመጨመሩ የእኔ አስተያየት ይቆይ የሚል ነው። መኪናዎ በመጀመሪያው አሠራሯ ባለ 6 ቮልት ስለሆነች ተስማሚ ፋን ማግኘት ያስቸግራል። ከዚያም በላይ ቀዳዳ ባለው መንገድ ላይ ፋን መጨመር የሚባክነውን አየር ማብዛት ነው።

ባለ ቮልስ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሳጥኖቹን አውርጄ እንደተባለው በአየር ፈተንኋቸው፤ ቧንቧዎቹ አያስተነፍሱም፣ ጥላሸትም የለባቸውም። ሽታው የዘይት ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ የሚመጣውም በሞተሩ ክፍል ውስጥ በደንብ ካልታሰረ የዘይት መተንፈሻ ቱቦ ነው። ከፋኑ የሚወርደው የቀኝ ቱቦ ከታች ወልቆ ነበር፤ ሁለቱንም ቀይሬአለሁ። አሁን ማንሻዎቹንና የእግር መውጫዎቹን በተነገረኝ መሠረት ስጠቀም በሾፌሩ በኩል መስታወቱ ይጠራል፤ በተሳፋሪው በኩል ግን አየሩ አሁንም ደካማ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራም በሁለቱም ወገን የሚወጣ የለም ማለት ይቻላል።

አሮጌ ብረት

የሚኒሞው ጉዳይ ጉድለት አይደለም። አየሩን የሚገፋው ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ የተቀመጠው ፋን ስለሆነ፣ ሞተሩ ሲዘገይ አየሩም ይዘገያል። ሆኖም የፋኑ ቀበቶ ላልቶ እንዳይሆን መሐሉን በአውራ ጣት ጫን ይበሉት፤ 15 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት።

በአንድ ወገን ብቻ ለሚታየው ድክመት የምጠረጥረው በዚያ በኩል ባለው ሳጥን ላይ ያለውን የመዝጊያ ምላስ፣ ማለትም ማንሻው በካቦ እየሳበ የሞቀውን አየር መንገድ የሚከፍትበትን ክዳን ነው። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ የቀኙን ማንሻ ሲስብ እርስዎ ከሥር ሆነው ሁለቱ ምላሶች እኩል መከፈታቸውን ይመልከቱ፤ መኪናውን ግን በጃክ ብቻ አንሥተው ከሥሩ አይግቡ፣ በማቆሚያ ይደገፍ። ምላሱ የማይነቃነቅ ከሆነ ካቦውን ከመቀየርዎ በፊት ፈትተው ምላሱን በእጅ ይሞክሩት። በዝገት የተያዘ ምላስ በዝገት ማላቀቂያ ዘይት ብዙውን ጊዜ ይለቃል፤ በጉልበት ከተሳበ ግን ካቦው ይበጠሳል። ምላሱ በነፃ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ካቦው ላልቷል ማለት ስለሆነ፣ ከሳጥኑ ጋር የሚታሰርበት ላይ ያጥብቁት።

ቦክሰር

ምላሶቹ እኩል ከተከፈቱ ደግሞ በተሳፋሪው በኩል ያለውን ቦይ ይፈትሹ፤ በጭስ ወይም በዱቄት ሞክረው የሚያፈስበትን ማየት ይችላሉ። በውስጥ በኩል ያለውን ላብ በተመለከተ፣ ቢትል በሮቿ ሲዘጉ አየር እምብዛም ስለማታስወጣ፣ አንዱን ትንሹን የጎን መስኮት በጥቂቱ ገርበብ ቢያደርጉት የሞቀው አየር ይበልጥ ይገባል። ምንጣፉንም አንሥተው ወለሉ እርጥብ መሆኑን ይዩ፤ በመስታወቱ ጎማ በኩል ውኃ የሚገባ ከሆነ ያ ጎማ እስኪቀየር ድረስ ላቡ አይጠፋም።