ክርክር፦ «አልጋ አይበቃንም» መልስ ነው?

የፍራንኮው (የአዳማ ፍራንኮ ሰፈር ነዋሪ)፦ ትናንት አንድ የአዳማ ሐኪም እዚህ የውይይት ገጽ ላይ «ደረቱን ያመመውን ሁሉ ብናስተኛ አልጋ አይበቃንም» ብለው ጻፉ። አንጀቴ አረረ። አጎቴ ላብ አጥምቆት በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ገባ፤ አንድ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሣ፤ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ኦሜፕራዞል ተጻፈለትና ተሸኘ። በማግስቱ በፈጣኑ መንገድ አዲስ አበባ ስናደርሰው የልቡ ደም ሥር ተዘግቶ ተገኘ። አልጋ የጠየቀ ማን ነው?

ሲስተር፦ ድንገተኛ ክፍል እሠራለሁ። ለአጎትዎ አዝናለሁ፤ ዶክተሩ ያሉት ግን እውነት ነው። ደረቱን ይዞ ከሚመጣው የአብዛኛው ሕመም የልብ አይደለም፤ የጡንቻ፣ የጨጓራ፣ የሳንባ ወይም የጭንቀት ነው። ሁሉን ካስተኛን በመኪና አደጋ የመጣው የት ይተኛ?

የፍራንኮው፦ አሁንም አልጋ! ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለተኛ ምርመራ መጠበቅ አልጋ አይፈልግም።

ላቦራቶሪ፦ ልክ ነው። ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን) ሕመሙ እንደጀመረ ወዲያው በደም ውስጥ ላይታይ ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ የሚደገመው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ኢሲጂም ደህና ሊመስል ይችላል።

ተማሪ ሐኪም፦ ስህተቱን የአዳማ ብቻ አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ የ10 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ጥናት፣ የልብ ጡንቻቸው ከተጎዳ 889 ሕመምተኞች 19ኙ ወደ ቤት ተልከው ነበር። ከ55 ዓመት በታች የሆኑ ሴቶችም ይበልጥ ይታለፉ ነበር።

የፍራንኮው፦ 19ኙን ያወቁት ከተሸኙ በኋላ ስለተከታተሏቸው ነው። እኛ ዘንድ ለአጎቴ ማን ደወለ?

ሲስተር፦ ታካሚ ከደጅ እስከ ኮሪደር ተሰልፎ ተረኛዋ ስልክ ትደውል?

የቦኩዋ (የአዳማ ቦኩ ሰፈር ነዋሪ)፦ ሲስተርን አትጫኗት፤ ሌሊቱን ቆማ የምታድር እሷ ናት። የእኔ እናት የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ደረቷን ሳያማት፣ ትንፋሽ ብቻ አጥሯት ልቧ መሆኑን የጠረጠረች ነርስ ናት።

የፍራንኮው፦ ነርስን አልነካሁም። «ሕመሙ ከተመለሰ፣ ላብ ካጠመቀህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ ሳትውል ሳታድር ተመለስ» የሚል አንድ ወረቀት ለመስጠትም አልጋ ያስፈልጋል?

ሲስተር፦ ወረቀቱን እቀበላለሁ። ሁለተኛውን ትሮፖኒን ግን ማን ይክፈል? የመጀመሪያውንም ከውጭ ላቦራቶሪ አሠርተው የሚመጡ አሉ።

ላቦራቶሪ፦ ታዲያ ዶክተሩ «መመርመሪያ የለንም» ብለው ይጻፉ እንጂ ለምን አልጋን ያነሣሉ?

ሲስተር፦ ዶክተሩን ተዉአቸው አልኩ!