ጀልባና ፍሪጅ አስይዞ ከባንክ የተበደረ አለ?

ሰላም ወገኖች፣ ባሕር ዳር ነኝ። ጣና ዳር ዓሣ እየገዛሁ ለሆቴሎች አስረክባለሁ። ጾም ሲገባ ቆሮሶና አምባዛ ፈላጊው ይበዛል፣ እኔ ግን ያለኝ ፍሪጅ አንድ ብቻ ስለሆነ ባለፈው ዓመት ስንት ደንበኛ ባዶ እጁን እንደመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለተኛ ለመግዛት ብድር ጠየቅኩ። ባንኩ ቤት ወይም መኪና አምጪ አለኝ። የምኖረው በኪራይ ነው፣ ከየት ላምጣ?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲያዝ ይፈቅዳል፣ የተያዘው ንብረት የሚመዘገብበት መዝገብም ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ነው። ሞተር ያላት ጀልባ አለችን፣ ፍሪጁም አለ፣ ደረሰኞቹን በሙሉ አስቀምጫለሁ። ይህን ለብድር ሠራተኛው ስነግረው "እኛ ጋ አልተጀመረም" ብሎ ሸኘኝ። በጣም ነው ያዘንኩት፤ ሕጉ እኮ እንደኔ ቤት ለሌለው ሰው ነው የሚጠቅመው።

በዚህ መንገድ የተበደራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ጀልባውን ማን ገመተላችሁ? ምን ሰነድ ተጠየቃችሁ? የጀልባዋ ደረሰኝ በባለቤቴ ስም መሆኑስ ችግር ያመጣል? እቁቡ የሚደርሰኝ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ጾሙ አልቋል።