የድባቴ መድኃኒቱን ኢሚፕራሚን የወሰዱት አይጦችም መዋኘት አቆሙብኝ

ለማስተርስ መመረቂያዬ አንድ ቅጠል ድባቴን ይቀንስ እንደሆነ ደብረ ብርሃን ላይ በነጫጭ አይጦች እየፈተንኩ ነው። አይጧን ውሃ ውስጥ ለ6 ደቂቃ እተዋታለሁ። በመጨረሻዎቹ 4 ደቂቃዎች ሳትንቀሳቀስ የተንሳፈፈችበትን ሰከንድ እንደ ድባቴ ምልክት እቆጥራለሁ። ለማነጻጸሪያ የያዝኩት ኢሚፕራሚን ይህን ጊዜ ማሳጠር ነበረበት። በኪሎ 30 ሚሊግራም በአፍ ሰጥቼ ከ1 ሰዓት በኋላ አስገባኋቸው። ምንም ለውጥ የለም! መድኃኒት ካልወሰዱት እኩል፣ አፍንጫቸውን ብቻ አውጥተው ቀጥ አሉ።

እንዳላደነዘዛቸው አረጋግጫለሁ፤ ደረቅ ሳጥን ውስጥ እንደ ልባቸው ይሮጣሉ። የምጠረጥረው ብርዱን ነው። የደብረ ብርሃንን ጠዋት ታውቁታላችሁ፤ በ25 ዲግሪ የጀመርኩት ውሃ አራተኛዋ አይጥ ላይ 19 ደረሰ። አንዴ የዋኘችን አይጥ ስለምትለምድ መልሼ አልጠቀምባትም። የቀሩኝ 12 ብቻ ናቸው።

ማሞቂያ በሌለው ክፍል የውሃውን ሙቀት ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ አይጥ እኩል ለማቆየት ምን ዘዴ ሠራላችሁ?