ደንገጎን ስወጣ መኪናዬ ይግላል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ነው፤ በሥራዬ ምክንያት በሳምንት ሦስት ቀን ሐረር ደርሼ እመለሳለሁ። መኪናዬ ዕድሜዋ የገፋ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ከተማ ውስጥ አንዳችም ችግር አይታይባትም፤ በመንገዱ ላይ ያለውን የደንገጎን ዳገት መውጣት ስጀምር ግን የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመሐል ተነሥቶ ወደ ቀዩ መስመር ይጠጋል። ባለፈው ሳምንት ዳገቱ አጋማሽ ላይ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ስለ ወጣ ወዲያው ዳር ይዤ አጠፋሁና ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። በኋላ ያየልኝ ጋራዥ የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው «ላዲያተሩ ይቀየር» አለኝ፤ ምኑ እንደ ተበላሸ ግን አልነገረኝም። ውሃ የጎደለ በመሰለኝ ቁጥር የምጨምረው የቧንቧ ውሃ ነው። ላዲያተሩን ከመቀየሬ በፊት ምን ምን መታየት አለበት? ከእንግዲህስ መንገድ ላይ እንዳልቀር ምን ልማድ ልያዝ?

መልስ፣ ድሬዳዋ ውስጥ በመካኒክነት ከሚሠራ አባል፦

ወንድሜ፣ እንፋሎቱን እንዳዩ ማጥፋትዎ ሞተሩን ከባሰ ጉዳት ጠብቆታል። እኔን ያሳሰበኝ የቧንቧ ውሃ መጨመርዎ ነው። የድሬዳዋ ውሃ ኖራ የበዛበት መሆኑን የቤትዎን ሻይ ማፍያ ከፍተው ቢያዩ ይረዱታል፤ በማፍያው ግርጌ የሚጋገረው ያ ነጭ ቅርፊት በላዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ብዙ ስለማይደክም ሙቀቱ በጠበበውም ቱቦ ቢሆን ይወጣል፤ ረጅም ዳገት ላይ ግን አቅሙ ያልቅና ሙቀቱ ይጠራቀማል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እና ዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ የተጣራ፣ ኖራ የሌለው ውሃ) እኩል በእኩል ደባልቀው ይጠቀሙ፤ በመኪናዎ መመሪያ ላይ የተጻፈ ሌላ ጊዜ ከሌለ በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩት።

ከላዲያተሩ አስቀድሞ መታየት ያለበት ግን ክዳኑ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ያገኛሉ፤ ውሃውን በምን ያህል ግፊት አምቆ እንደሚይዝ የሚያመለክት ቁጥር ነው። ያልታመቀ ውሃ ድሬዳዋ ላይ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሐረማያ አካባቢ፣ ማለትም 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በ93 ዲግሪ ይፈላል። ደህና ክዳን ግን ይህን መጠን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ግፊቱን ካልያዘ ከፍታው በጨመረ መጠን ውሃው ቶሎ እየፈላ ያልቃል። ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ይክፈቱና ከሥሩ ያለውን የጎማ ቀለበት በጥፍርዎ ጫን ብለው ይዩት፤ ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ነጭ ዱቄት ከያዘ ያንኑ ቁጥር የያዘ ሌላ ክዳን ይግዙ። ዋጋው ከላዲያተሩ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ፋኑ መዞሩንና ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) አለመላላቱን ይመልከቱ። ላዲያተሩ ከውጭ በኩል በአቧራና በነፍሳት ከተደፈነ ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ ይታጠብ፤ ኃይለኛ ግፊት ስሱን ቆርቆሮ ያጣምመዋል።

መልስ፣ ከሌላ አባል፦

እኔ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ላዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ክፍል) አስወልቄ ጥያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ግሎ አያውቅም። እርስዎም ቢያስወልቁት ይገላገላሉ እላለሁ።

የመካኒኩ ምላሽ፦

ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም አልስማማበትም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በቂ ሙቀት ሳያገኝ ስለሚሠራ ቤንዚን ይበላል፣ የውስጥ አካሉም ቶሎ ያልቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የላዲያተሩን መደፈን ይሸፍናል እንጂ አያድነውም። ቴርሞስታቱ ከተጠረጠረ በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውስጥ ካለ ውሃ ጋር እሳት ላይ ጣዱት። ብዙዎቹ 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራሉ፤ ውሃው እየፈላ ካልተከፈተ ይቀየር።

መልስ፣ በየቀኑ ከሐረር ድሬዳዋ ከምትመላለስ አሽከርካሪ፦

ወንድሜ፣ ስለ መውጣቱ በቂ ተብሏል፤ እኔ ስለ መውረዱ ልጨምር። ደንገጎን ስወርድ ዳገቱን በወጣሁበት ማርሽ እይዛለሁ እንጂ ፍሬን ላይ እግሬን ጭኜ አልቆይም። አንድ ጊዜ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መኪናውን ሞልቶት ፔዳሉ እግሬ ሥር ሲሰጥም የተሰማኝ ፍርሃት እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። የፍሬን ዘይት እርጥበት እየሳበ ስለሚሄድ በሙቀት ቶሎ ይፈላል፤ ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ አስቀይረዋለሁ።

ጎማ የምለካው ጠዋት፣ መኪናዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት ነው። የአየሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ገደማ ሲለወጥ የጎማው ግፊት 1 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) ያህል ይለወጣል፤ በሐረር ብርድ ልኩን የነፋሁት ጎማ ድሬዳዋ ቀትር ላይ ቢጨምር ልኩን አልፏል ብዬ አላስተነፍሰውም። የመኪናው ትክክለኛ ቁጥር በሾፌሩ በር አጠገብ ተለጥፎ ይገኛል።

እሑድ ማታ ደግሞ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አነጥፌ አድራለሁ። ጠዋት ጥቁር ጠብታ ካየሁ ዘይት፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ከሆነ ደግሞ ኩላንት ሊሆን ስለሚችል ምንጩን እፈልጋለሁ። ሞተሩን ሳላስነሳ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አወጣና ጠርጌ መልሼ አያለሁ፤ የኩላንቱ ዕቃም በሁለቱ መስመሮች መካከል መሆኑን አረጋግጣለሁ።

ከጠያቂው፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የክዳኑ ጎማ ቀለበት ሲነካ ተሰባብሮ እጄ ላይ ቀረ። አዲስ ክዳን አስገብቼ በኩላንት ሁለት ጊዜ ሐረር ደርሼ ተመለስኩ፤ ቀስቱ ከመሐል ንቅንቅ አላለም። ካርቶኑ ላይ ግን ከላዲያተሩ የታችኛው ጎማ ቱቦ የወረደ አረንጓዴ ጠብታ አገኘሁ።

የመካኒኩ ምላሽ፦

ቱቦውን ከነማሰሪያው ያስቀይሩት፤ ሲቀየር ላዲያተሩ ውስጡ ይታጠብ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ስለ ፈላ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስ ሥር ሆኖ ውሃው ከዘይቱ ጋር እንዳይደባለቅ የሚያደርገው ማሸጊያ) ተጎድቶ እንዳይሆን ለሚቀጥለው አንድ ወር የዘይት መሙያውን ክዳን በየሳምንቱ ገልብጠው ይዩት፤ ወተት የመሰለ አረፋ ካዩበት መኪናዋን ሳያስነሱ ይጥሩኝ።